ልጅን ማቆያ ማዋል በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከየካ አባዶ እስከ ጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቡራዩ ያሉ ወላጆች ማቆያ ሲፈልጉም ሆነ ልጃቸውን ካስገቡ በኋላ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ማቆያና መዋዕለ ሕፃናት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ማቆያ፣ ብዙ ሰው ዴይኬር የሚለው፣ ሥራው ልጁን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛትና ማጫወት ነው። ጥቂት ወር ከሞላው ሕፃን ጀምሮ እስከ 3 ወይም 4 ዓመት ይይዛል። መዋዕለ ሕፃናት ግን ትምህርት ቤት ነው፤ መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ ከሰዓትም ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ "ልጃችሁን ውሰዱ" ይላል።

ዳር ሰፈር ላይ ሁለቱ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ባለቤት ሥር መሆናቸው የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ማቆያው ይሠራ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት አረጋግጡ። መምህራኑ ዕረፍት ሲወጡ ሞግዚቶቹም አብረው የሚበተኑበት ግቢ አለ፤ ወላጅ ይህን የሚሰማው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ከስንት ወሩ ይቀበሉታል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ አለ። ስለዚህ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ 3 ወር ተኩል ወይም 4 ወር ገደማ ነው። ማቆያዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከ3 ወር ጀምሮ የሚቀበሉ አሉ፣ 6 ወር ካልሞላው የማይነኩ አሉ፣ "በእግሩ ይሂድና አምጡት" የሚሉም አሉ። ጨቅላ የሚይዝ ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ፍለጋው በእርግዝናው መጨረሻ ቢጀመር ይሻላል፤ ከወለዱ በኋላ ጊዜው ያጥራል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ካዘዘ ወዲህ በርካታዎቹ ከፍተዋል። ታዲያ ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ድረስ ሕፃን ታቅፎ አውቶቡስ ላይ መጋፋት ያዋጣል? ጡት ብቻ ለሚጠባ ያዋጣል፤ እናት በምሳ ሰዓት ወርዳ ታጠባዋለችና ወተት አልቦ የማቆየት ጣጣ ይቀራል። ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ሰፈር ያለው ይሻላል። ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የዋለ ልጅ ጠዋት ተነጫንጮ ይገባል፣ ማታ እራቱን ሳይበላ ይተኛል።

ለምዝገባ ምን ይዤ ልሂድ?

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የልጁ ጉርድ ፎቶ፣ የሁለቱም ወላጆች መታወቂያ ቅጂ፣ ልጁን ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎች ፎቶና ስልክ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም ከወረቀቱ የተለየ ከሆነ ሁለቱንም አስመዝግቡ። ወረቀቱ ላይ ናሆም የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ አቡሽ ሲባል ከኖረ፣ በመጀመሪያው ቀን ናሆም ብለው ቢጠሩት ዞር አይልም፤ ሞግዚቷም ጆሮው አይሰማ ይሆን ትላለች።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የክትባት ካርዱ ይበልጣል። ክትባቱ ሲወለድ፣ በ6 ሳምንት (ሰዉ "የ45 ቀን" የሚለው)፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው፤ የ9 ወሩን ኩፍኝ ከተከተበ "ጨርሷል" ተብሎ ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በ15 ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ፤ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ካርድ ሳይጠይቅ የመዘገባችሁ ማቆያ ከልጃችሁ ጎን የሚተኛውንም ልጅ አልጠየቀም ማለት ነው።

ፈቃድ ያለው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ ቀረብ ብላችሁ አንብቡት። የሥራው መስክ የሕፃናት ማቆያ ይላል ወይስ ሌላ ነገር? አድራሻው የቆማችሁበት ቤት ነው ወይስ የድሮው? የዘንድሮ እድሳት አለው? ከተጠራጠራችሁ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ዳር ሰፈር ላይ ደግሞ የወሰን ጉዳይ አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆኑ እዚያ ያለ ማቆያ የሚመለከተው የኦሮሚያን መዋቅር ነው። አንዳንዱ ቦታ ሁለቱን የሚለየው አንድ አስፋልት ነውና በግምት አትሂዱ፤ ፈቃዱ ላይ ያለውን ማኅተም እዩ።

ፈቃድ የሌላት ጎረቤት አራት አምስት ልጅ ሰብስባ የምታውልበትስ? ብዙ ቤተሰብ ኑሮውን የሚገፋው በእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው፤ አንዳንዷም ከባለ ፈቃዱ ትሻላለች። ግን የሚቆጣጠራት የለም። ተቆጣጣሪዋ እናንተ ናችሁ፣ ከታች ያለውን ሁሉ እሷም ቤት እዩ።

ለማየት ስሄድ ምን ልመልከት?

የግድግዳው ሥዕል የሚነግራችሁ የቀቢውን ችሎታ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ እጅ መታጠቢያው ሂዱ። ሳሙናው እርጥብ ነው? ደርቆ የተሰነጠቀ ሳሙና ለእንግዳ የተቀመጠ ነው። ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ ከማብሰያው ርቋል? ዳይፐር ቀይራ እጇን ሳትታጠብ ጡጦ የምታነሳ ሞግዚት ባለችበት ቤት ተቅማጥ ከልጅ ልጅ ሲዞር ይከርማል።

ቀጥሎ መውደቂያውንና መቃጠያውን እዩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የበረንዳውን ብረት በእጃችሁ ሞክሩት፤ በብረቶቹ መካከል ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ የልጅ ሰውነት ያልፋል። በረንዳው ላይ መወጣጫ የሚሆን ወንበር ወይም ጄሪካን መቀመጥ የለበትም። የደረጃው አፍ ላይ የሚዘጋ በር አለ? የውሃ በርሜሉ ክዳን ይገጥማል? ባልዲ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውሃ እንኳ የሚድህ ልጅ ያሰጥማል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ኮንክሪት ነው ወይስ ቆርቆሮ? የጋዝ ሲሊንደሩ የት ቆሟል? ቡናው የሚፈላውስ? ሞግዚቶቹ ቡናቸውን ቢጠጡ መብታቸው ነው፤ ጀበናው ልጆቹ በሚድሁበት ወለል ላይ መጣዱ ግን አይደለም።

ከሰልን ለብቻው ጠይቁ። በክረምትና በኅዳር፣ ታኅሣሥ ብርድ "ክፍሉን እናሙቅ" ተብሎ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ልጆች ወደተኙበት የሚገባ ማንደጃ ይገድላል። ጭሱ ካለቀ በኋላም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም። "ፍም ካደረግነው በኋላ ነው የምናስገባው" የሚል መልስ ከሰማችሁ ሌላውን ጥያቄ መቀጠል አያስፈልግም።

ለጉብኝት የሚሻለው ከ5:30 እስከ 7:30 ያለው ሰዓት ነው። ያኔ ምሳ ይበላል፣ ዳይፐር ይቀየራል፣ ልጆች ይተኛሉ፤ የቤቱ ጉድ ሁሉ ይወጣል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የትኛውም ማቆያ ጥሩ ነው። "ልጆች ስለሚተኙ እንግዳ አናስገባም" ቢሏችሁ ያስኬዳል፤ በር ላይ ቆሜ ልይ በሉ። ያንንም ከከለከሉ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ሞግዚት ስንት ልጅ ብትይዝ ነው ደኅና የሚባለው?

ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑ 3፣ ቢበዛ 4። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉት 5 ገደማ፣ ከ3 ዓመት በላይ እስከ 10። እሳት ቢነሳ አንዲት ሴት ታቅፋ የምትወጣው ሁለት ሕፃን ነው። ስድስት ጨቅላ ለአንድ ሲሆን ደግሞ ጡጦው በጨርቅ ተደግፎ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ያ ያንቃል።

ስትጠይቁ "ስንት ሠራተኛ አላችሁ?" አትበሉ፤ ዘበኛውንና ምግብ አብሳይዋን ጨምረው ይቆጥሩላችኋል። "አሁን ጨቅላ ክፍል ውስጥ ማን ማን አለ? አንዷ ብትቀር ማን ይተካል? 12 ሰዓት ላይስ ስንቶቹ ይቆያሉ?" በሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ከገባች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉም ሞግዚት ከሦስት ወር ወዲህ የተቀጠረችበት ቤት ወይ ደመወዙ አነስተኛ ነው ወይ ባለቤቱ አያስቀምጥም። ልጅ በየሁለት ወሩ አዲስ እቅፍ አይለምድም፤ ከሁሉም መለኪያ አንዱን ብቻ ያዙ ቢባል መያዝ ያለበት ይህኛው ነው።

ክፍያው ውስጥ ምን ይካተታል? ጳጉሜንስ ይከፈላል?

ምዝገባው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? ምግብ ከወርሃዊው ጋር ነው? ልጁ ታሞ ሁለት ሳምንት ቢቀር ምን ይቀነሳል? ዋጋ ሲጨምሩ ከስንት ጊዜ በፊት ያሳውቃሉ? ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው ወይስ ዝግ? እነዚህን በቃል ሳይሆን በወረቀት ያዙ። ዒድ አልፈጥር የሚታወጀው ጨረቃ ታይታ በዋዜማው ስለሆነ በዚያ ማታ በምን እንደሚያሳውቁ ጭምር ጠይቁ።

ጳጉሜን በየዓመቱ የሚያጨቃጭቅ ነው። ደመወዝተኛ ለአምስቱ ቀን (በአራት ዓመት አንዴ ለስድስቱ) አይከፈለውም፤ ማቆያው ግን ክፍት ነው፣ ምግብም ይበስላል። አንዳንዱ በቀን ሒሳብ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ በነሐሴ ክፍያ ውስጥ ይተወዋል። ሁሉም ያስኬዳል፤ የማያስኬደው ነሐሴ 28 መናገር ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍሉ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የልጁን ስምና ወሩን ጻፉ፤ "የጥር አልተከፈለም" ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ትራንስፖርት ቢያስመሸኝስ? ልጄን ሌላ ሰው መውሰድ ይችላል?

11:30 ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ መገናኛ ሰልፍ ላይ ለሚቆም ሰው የ12 ሰዓት መዝጊያ አይሆንም፤ ዝናብ ከጨመረበት 1 ሰዓት ማታም ጠባብ ነው። ስለዚህ የማስመሻ ክፍያው በ15 ደቂቃ ነው ወይስ በሰዓት የሚታሰበው፣ ልጁስ ከማን ጋር ይጠብቃል የሚለውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሞግዚቶቹ ሄደው ልጅ ከዘበኛ ጋር ብቻውን የሚቀርበት ቤት ላይ ክፍያው ምንም ያህል ይሁን ተቀባይነት የለውም።

ለመውሰድ ከወላጆች ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በፎቶ አስመዝግቡ። ያልተመዘገበ ሰው መላክ ካስፈለገ ደዋዩ ወላጅ ይሁን፣ በተመዘገበው ስልክ ይደወል፣ የሄደው ሰው መታወቂያ ያሳይ። "አጎቱ ነኝ" ያለውን ሁሉ የሚያስረክብ ቤት ዛሬ ቢመቻችሁም ነገ ያስፈራል። በወር ኮንትራት የሚያመላልስ የባጃጅ ሹፌር ካለ ስሙና የታርጋ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሁን። ወላጆች ከተለያዩና ፍርድ ቤት ያዘዘው ነገር ካለ የውሳኔውን ቅጂ ለማቆያው ስጡ፤ ወረቀት ሳይኖር አባትን ወይም እናትን በር ላይ መልስልኝ ማለት ሞግዚቷን መማገድ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ምን ልላክ?

5 ዳይፐር፣ ሁለት ሙሉ ቅያሪ፣ የራሱ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለቆሻሻ ልብስ ፌስታል፣ የራሱ ኩባያና ማንኪያ። ሁሉም ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ስም ይጻፍ። ወርቅ አታድርጉለት። የአንገት ማተብ ካለው አጭር ይሁን፤ የረዘመ ክር አልጋ ላይ ይያዛል።

ማታ ቦርሳውን ቁጠሩ። 5 ዳይፐር ልካችሁ 4ቱ ከተመለሱ ልጁ ቀኑን ሙሉ የተቀየረው አንዴ ነው፤ ያደረገውን ደግሞ ከፍታችሁ ክብደቱን ታዩታላችሁ። ማቆያው በየቀኑ የበላውን፣ የተኛበትን ሰዓትና የተቀየረበትን የሚጽፍበት ደብተር ቢኖረው ደግሞ ይህ ሁሉ ስለላ አያስፈልግም።

የጡት ወተት አልቤ ብልክ አይበላሽም? መብራት ሲጠፋስ?

የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ማታና ንጋት ላይ አልባችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ጠዋት በቦርሳ ይሂድ። የበረዶ ጥቅል ከሌላችሁ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያደራችሁት የሃይላንድ ጠርሙስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር እያደረጋችሁ በትናንሽ ዕቃ ክፈሉት፣ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ለጥፉበት። በትልቅ ጡጦ የላካችሁት እንደሆነ ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ይተወዋል፤ አፉ የነካው ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፣ ይደፋል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ሳይከፈት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ችግሩ በየደቂቃው የሚከፍተው ሰው ነው። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ ፍሪጃቸውን ከማመን ቦርሳውን ከነበረዶው አስቀምጡላቸው።

ማሞቂያው ሙቅ ውሃ ያለበት ኩባያ ነው፤ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም ውስጥ አይገባም፤ አንዱ ጎን ቀዝቅዞ ሌላው አፍ ያቃጥላል። ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፣ በቀስታ ይነቅነቅ። ጡጦ በየቀኑ የማይቀቅል ቤት ከሆነ ደግሞ በስኒና በማንኪያ እንዲያጠጡት አስለምዱ፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል።

ምግቡስ? በጾም ወቅት ምን ይሰጣሉ?

6 ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም እንጂ የሚፈስ አይሁን፤ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር ስታዩ ዕንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ጥራጥሬ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ቁጠሩ። ፓስታ በቲማቲም ለአምስት ቀን የሚደጋገምበት ብዙ ቦታ ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን አብሳይዋ ጿሚ ከሆነች ወጥ ቤቱ ሳይታወቅ አብሮ ይጾማል፦ ወተቱ ይቀራል፣ ዕንቁላሉም ይቀራል። ክፋት አይደለም፤ ግን ሕፃን አይጾምም። "በጾም ወተትና ዕንቁላል ማን ያዘጋጃል?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥጋን በተመለከተ የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አንድ ማዕድ ላይ ስለሚቀመጡ ማቆያው ጨርሶ ሥጋ ባይሠራ ይመረጣል፤ ቤት ይብሉ። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም። ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ 4 ዓመት እስኪሞላው ከግቢው አይግባ፤ ለቡና የተቆላው ቆሎ ወለል ላይ ሲንጠባጠብ የሚለቅመው የሚድህ ልጅ ነው፣ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ የሚገባውም እንዲያ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ንጽሕናው እንዴት ይሆናል?

ሒሳብ ሥሩ። ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ፣ ማቆያው 1,000 ሊትር ሮቶና 20 ልጅ ካለው፣ ለስድስት ቀን ሲካፈል ለአንድ ልጅ በቀን 8 ሊትር ያህል ነው። ከዚያ ላይ ምግብ ይበስላል፣ ዕቃና ወለል ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይደፋበታል። መጀመሪያ የሚቀነሰው እጅ መታጠብ ነው። ስለዚህ የሮቶውን መጠንና ሲያልቅ ከየት እንደሚያመጡ ጠይቁ። የሚጠጣው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሮቶው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠበ የሚያስታውስ ሰው ካለ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው።

እያለቀሰ ትቼው ነው የምሄደው። ይለምዳል?

ይለምዳል፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። ከ8 ወር እስከ 1 ዓመት ተኩል ያለው ጊዜ መለየት የሚከብድበት ነው፤ ያኔ የገባ ልጅ ሁለት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ሥራ ከመጀመራችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ፦ የመጀመሪያው ቀን ከእናንተ ጋር አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ እናንተ ለግማሽ ሰዓት ወጥታችሁ፣ ከዚያ እስከ ምሳ፣ ከዚያ ከእንቅልፍ በኋላ፣ በመጨረሻ ሙሉ ቀን። እናት የለበሰችው ነጠላ አብሮት ቢሄድ ለእንቅልፍ ይረዳዋል።

ተደብቃችሁ አትውጡ። "ማታ እመጣለሁ" ብላችሁ፣ ስማችሁ፣ ለአንዲት ሞግዚት አስረክባችሁ ሂዱ። የተሸወደ ልጅ ለጥቂት ቀን ዝም ይልና ከዚያ ቤት ውስጥም ሽንት ቤት ስትገቡ መጮህ ይጀምራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደውላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛው አልቅሶ ያበቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላም የማይበላ፣ ማቆያው በር ላይ ሲደርስ የሚደነግጥ ከሆነ ግን "ይለምዳል" ማለት ይብቃና ክፍሉ ውስጥ ያለውን ነገር እዩ።

ሲያመው ላስቀረው?

ጉንፋን ብቻ ከሆነና ከተጫወተ ይሂድ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አፍንጫው አይደርቅም፣ ያንን እወቁት። ትኩሳቱ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካስመለሰው ወይም ተቅማጥ ከያዘው ቤት ይቅር። ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ፣ ጉድፍ ውሃ የቋጠረው ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ። እከክ ሕክምናው በተጀመረ ማግስት ሊመለስ ይችላል፣ ግን አንሶላውም ብርድ ልብሱም መታጠብ አለበት።

ተቅማጥ ሲይዘው ለምለም ይጀመርለት፦ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። በሩብ ሊትር የሚበጠብጡ አሉ፤ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳል። ከጤና ጣቢያ ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣል፤ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም አታቋርጡ። ደም ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። "ጥርስ እያወጣ ነው፣ ግግ ነው፣ የሚያወጣ ሰው አውቃለሁ" የምትል ሞግዚት ወይም ጎረቤት ካለች በግልጽ አይሆንም በሏት። ድድ ተቀዶ የሚወጣው የልጁ ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ተቅማጡም እንዳለ ይቀጥላል።

መድኃኒት እንዲሰጡልኝ ማዘዝ እችላለሁ?

ሐኪም ያዘዘውን፣ በራሱ ጠርሙስ፣ ከነወረቀቱ። የልጁ ስም፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍ። የሰጠችው ሞግዚትም ሰዓቱን ጽፋ ትፈርም። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ላይ ተጠንቀቁ፤ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም ይሸጣል። "አንድ ማንኪያ ስጡት" ብቻ ካላችሁ የትኛው እንደሆነ ሳይታይ እጥፍ ሊሰጠው ይችላል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለካ፣ የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም።

ድንገት አደጋ ቢደርስ ማቆያው ምን ያደርጋል?

መልሱን ከባለቤቱ ሳይሆን ከሞግዚቶቹ ጠይቁ። ሙቅ ነገር ቢደፋበት 20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዛል፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዕንቁላል አይቀባም። ይህን ያለማመንታት የምትመልስ ሞግዚት ያለችበት ቤት ጥሩ ነው። ቃጠሎ የሚታከምበት የካቲት 12 ሆስፒታል ከዳር ሰፈር ሩቅ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚሄዱበት ቅርብ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነና በምን እንደሚሄዱ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ) በር ላይ ይለጠፉ፤ ጭቃው መኪና በማያስገባበት ክረምት ደግሞ ቶሎ የሚደርሰው የሰፈሩ ባጃጅ ስለሆነ የእሱም ስልክ።

ሞግዚቶቹ በኦሮምኛ ነው የሚያናግሩት። ቋንቋው አይምታታበትም?

አይምታታበትም። ልጅ ሁለት ቋንቋ አብሮ ይለምዳል፤ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ቢሻን (ውሃ) ስጪኝ" ይላል እንጂ ንግግሩ በዚህ ምክንያት አይቀርም። ዝም የሚል ልጅ ካለ የሚጠየቀው በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት እንደሚቀመጥ ነው። ብዙ ልጅ ለአንዲት ሞግዚት በሆነበት ቤት ሞግዚቷ ቴሌቪዥኑ ነው።

ተነክሶ መጣ። ተቧጭሮም ነበር። ልጠርጥር?

መንከስ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባሉት ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቃል ሲያጥራቸው ጥርስ ይቀድማል። ግንባርና ቅልጥም ላይ ያለ ሰንበርም መራመድ የሚማር ልጅ ሁሉ አለው። የሚያጠራጥረው ጆሮ፣ ጉንጭ፣ ጀርባ፣ መቀመጫና ክንድ ላይ ያለ ሰንበር ነው፤ መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ላይ ደግሞ የትም ቦታ ያለ። በየቀኑ ሲወሰድ ደንዝዞ የሚገኝ፣ ቤት ከገባ በኋላም የማይነቃ ልጅ ካላችሁ የሚያስተኛ የጉንፋን ሽሮፕ ይሰጠው እንደሆነ አስቡ። ካሜራ አለ መባሉ ብቻውን አያረጋጋም፤ ቀረጻው ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ወላጅስ ሊያየው ይችላል ብላችሁ ጠይቁ።

ከተጠራጠራችሁ በዚያው ቀን ቀኑን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ፣ ጤና ተቋም ወስዳችሁ አስመርምሩና ወረቀት ያዙ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ወይም 991 ደውላችሁ አመልክቱ። አፍ ለፈታ ልጅ "ማን መታህ?" አይባልም፤ ስም ከአፋችሁ ተቀብሎ ይደግምላችኋል። "ዛሬ ምን ሆነ?" ብላችሁ ዝም በሉ። የሌሎቹን ወላጆች በስልክ አግኙ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስም መጥራት ግን ማስረጃውንም ያጠፋል፣ ንጹሕ ሴትም ሊያስወነጅል ይችላል። በነገራችን ላይ በዚያው ግሩፕ የልጆች ፎቶ ከነስማቸውና ከነቦታው የሚለጠፍ ከሆነ የእኔን አታውጡ ማለት ትችላላችሁ፤ ምዝገባው ላይ አጽፉት።

ሞግዚቷን በጣም ወደድናት። ወደ ቤት ብንወስዳትስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ማቆያዎቹም ለዚህ ነው ውላቸው ላይ ክልከላ የሚያስገቡት። ውሉን አንብቡ። ከዚያ አስቡበት፦ እዚያ ጥሩ የሆነችው ከጎኗ ሌላ ሞግዚት፣ አብሳይና አጣቢ ስላለ ይሆናል። ቤታችሁ ስትገባ ልብስ ማጠቡም እንጀራ መጋገሩም እሷ ላይ ይወድቃል፤ ልጁን የሚይዘው የተረፈው ሰዓቷ ነው። በሦስት ወር ብትሄድ ደግሞ ማቆያው ያለው ቦታችሁ ለሌላ ተሰጥቷል።

ወስነን ጨርሰናል ካላችሁ በስውር አታድርጉት። ለባለቤቱ የአንድ ወር ጊዜ ስጡ፣ የሞግዚቷን መታወቂያ ቅጂና ተያዥ ያዙ፣ ሥራዋ ልጅ መያዝ ብቻ ነው ወይስ የቤት ሥራም ነው የሚለውን ደመወዙን ስትነጋገሩ ለዩ። የማቆያውን ክፍያም ቢያንስ ለአንድ ወር አታቋርጡ።